የኑክሌር አውሮፕላንና የልጄ ጋብቻ

የልጄን ጋብቻ አፍርሰውብኝ ነበር። ሽማግሌ ልከው፣ እሺ አሰኝተው፣ ሠርጉ ለጥር ከተቆረጠ በኋላ ነው ያፈረሱት። ያፈረሱት የእጮኛዋ አባትና አጎት ናቸው፤ ከእነዋሪ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች። የሰጡኝ ምክንያት የኑክሌር አውሮፕላን ነው።

አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። አዲስ አበባ እንኳ የምሄደው በሚኒባስ ነው፤ እሱም ጫጫ ላይ ቆሞ ጎማ ይቀይራል። ኑክሌር የሚባለውንም በዐይኔ አላየሁም። ይሁን እንጂ በሰሜን ሸዋ በኑክሌር አውሮፕላን የተጎዳ ሰው ማነው ቢባል እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የተጎዳ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። የተወለድኩት ከአንኮበር ቁልቁል ባለ የባለ እጆች መንደር ነው። አባቴ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር፤ እናቴ ሸክላ። ገበሬው በአባቴ ማረሻ ያርሳል፣ በእናቴ ድስት ወጥ ይሠራል፤ እኛ ከቤቱ ስንደርስ ግን የምንቀመጠው ከደጅ ነው። ጠላ ከሰጡን በቅል ነበር፤ ስንሄድ ቅሉን ይሰብሩታል። ቀን ሰው ነን፣ ሲመሽ ጅብ ነን ይላሉ። ሰውን ሳንነካ በዐይናችን እንበላዋለን ይላሉ። ቡዳ የሚሉት ይህን ነው። ዛሬ እንዲህ ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ሰው ሠልጥኗል፤ በሆዱ ይለዋል።

ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ ብየዳ ለመድኩ፤ አሁን በርና መስኮት እሠራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከልጄ ጋር ነው። እሷ ከትምህርት ቤት ሀሁ ይዛ ስትመጣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሀሁ አልኩ። ኋላ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። «አሁን ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ይለኝ ነበር የሚያየኝ ሁሉ። ምንም አልሆንም። የሚጽፉብኝን ላነብ ነው።

ያቺው ልጄ አድጋ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገባች። እዚያው ማሽን የሚጠግን አንድ ወጣት ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። ደህና ልጅ ነው። አንድ ጉድለት አለበት፤ ያለ አባቱ ምርቃት እግሩን አያነሳም። አባትየው እንግዲህ የእነዋሪው ገበሬ ናቸው። ሽማግሌ ሲልኩ ስለ እኔ ዘር አልጠየቁም። ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ያልቅ ነበር፤ ሰው ግን የሚያውቀውን ነገር አይጠይቅም።

ፋሲካ እንዳለፈ ሰሞን አንድ ወጣት መምህር ሱቄ መጣ። ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምር ነው። የወረቀት ጥቅል ይዟል።

«አባባ፣ አውሮፕላን ይሠራሉ?» አለኝ።

«በርና መስኮት ነው የምሠራ። አውሮፕላን ከፈለግህ ቦሌ ሂድ።»

ሳቀና ወረቀቱን ዘረጋው። ለሳይንስ ትርኢት የሚሆን ሞዴል ነው የሚፈልገው። አውሮፕላኑ ነዳጅ አያቃጥልም፤ በአቶም ነው የሚሄደው። «አሁን ያሉት አውሮፕላኖች ነዳጅ አቃጥለው አየሩን ያሞቃሉ» አለኝ። «የሞቀው አየር በኋላ እየተተኮሰ ይወጣል፤ አውሮፕላኑ ወደ ፊት ይሄዳል። ነዳጁን አውጥተን በእሱ ቦታ የአቶም ሙቀት ብናስገባስ?»

«ይበርራል?»

«ድሮ ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት ሞክረውት ነበር። የአቶም ምድጃውን ጭነው በሰማይ አዙረውታል። ያኔ ግን ያበረረው ያው ነዳጁ ነው። ምድጃው ተሳፋሪ ነበር።»

«ምነው?»

«ክብደት! ሰዎቹን ከጨረሩ የሚጋርደው እርሳስ ከበደ። ኋላም ተዉት። አሁን ደግሞ አማራጭ የሚፈልጉ አሉ። በዩራኒየም ፋንታ ቶሪየም የሚሉ አሉ። ምድጃውን በቀለጠ ጨው እንሥራው የሚሉ አሉ። አቶሙን መሰንጠቁ ቀርቶ እናጋጥመው የሚሉም አሉ።»

«ከእነዚህ የበረረ አለ?»

«የለም።»

«ሊበርር የደረሰስ?»

«እሱም የለም።»

«ታዲያ እኔ የትኛውን ነው የምሠራልህ?»

«የማይበርረውን» አለ። እንደ መልስ ቆጥሮታል።

ሠራሁለት። ገላውን ከላሜራ፣ የአየር መተላለፊያውን ከቱቦ በየድኩ። በመካከል የቡና ጀበና የምታህል ምድጃ አስቀመጥኩ፤ እሳት እንድትመስል ቀይ አምፖል ገባባት። ከሞቱ የመኪና ባትሪዎች የወጣ እርሳስ አቅልጬ ዙሪያዋን አፈሰስኩ። መምህሩ ወፍራም ይሁን ስላለኝ አወፈርኩት። ስናነሳው ክንፎቹ እንደ ዝናብ የመታው ዣንጥላ ጎበጡ። ላቃናቸው ስል እጄን ያዘኝ።

«ይተዉት! ይኸው፣ ችግሩ ይሄ ነው! ሕዝቡ ክብደቱን ይይ!»

በሕይወቴ ጎባጣ ሥራ ሠርቼ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

የትርኢቱ ቀን አባትየውና አጎትየው ለጥየቃ ደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ሥራዬን እዩልኝ ብዬ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ዘመድ ልንሆን አይደል። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። መግቢያው ላይ «የነገው በረራ» የሚል ተጽፏል፤ ራሴ ነኝ ያነበብኩላቸው። መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ።

«ጨረር አይታይም» አለ። «አይሸትም። ድምፅ የለውም። በግድግዳ ያልፋል። ሳይነካ ይመታል። የተመታው ሰው ያን ዕለት አያውቀውም፤ ኋላ ግን ምግብ እምቢ ይለዋል፣ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይረግፋል።»

ይህ ሕዝብ ስለ አቶም አያውቅም። ሳይነካ ስለሚመታ ነገር ግን ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል።

«በስመ አብ!» አሉ አንዲት እናት። «ይኼማ የምናውቀው ነው!»

መምህሩ ፊቱ በራ። ሳይንስ ለሕዝብ የደረሰ መሰለው። «በጣም ጥሩ! እናታችን ያውቁታል!»

«ማን የማያውቀው አለ ልጄ? መከላከያው ምንድን ነው ይላል ትምህርታችሁ?»

«እርሳስ ነው። ወፍራም እርሳስ ያስቆመዋል።»

አንድ ሽማግሌ ክታባቸውን ከአንገታቸው ስበው አወጡ። «የእኔ በቆዳ የተሰፋ ነው፤ ውስጡም ብራና ነው። ይኼስ ይከለክላል?»

መምህሩ አሰበበት። መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነው። «ጨረር ዓይነቱ ብዙ ነው አባባ። አልፋ የሚባለውን ወረቀትም ያቆመዋል፣ ቆዳም ያቆመዋል።»

ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አላልኳችሁም?»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ደህና ነበር። መምህሩ ግን ምስጋና የሚያውቅ ልጅ ነው። «ይህን ሁሉ በእጃቸው የሠሩልን እኚያ ጥግ የቆሙት አባት ናቸው። ጭብጨባ ለእሳቸው!»

ሁሉም አየኝ። ወዲያው ደግሞ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። አጠገቤ የነበረች ሴት የታቀፈችውን ሕፃን በነጠላዋ ሸፈነችው። ያጨበጨቡት ልጄና እጮኛዋ ብቻ ናቸው። አባትየውና አጎትየው ከአጠገቤ ርቀው ነበር፤ መቼ እንደሄዱ እንጃ።

በሳምንቱ አጎትየው አንድ ሌላ ሰው አስከትለው ቤቴ መጡ። በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ሕፃን ያውቀዋል። ባለቤቴ ዶሮ ወጥ አቀረበች።

«ጾም ነን» አሉ አጎትየው።

«በበዓለ ሃምሳ?»

«የግል ነው። ስእለት አለብን።»

«ሁለታችሁም?»

አብሯቸው የመጣው ሰውዬ ወጡን እያየ ምራቁን ዋጠ። ስእለቱን የሰማው አሁን መሆን አለበት።

«ነገሩ እንዲህ ነው ወንድሜ» አሉ አጎትየው። «ጨረር ዘር ያበላሻል ተብሏል። አንተ ደግሞ እርሳሱን አቅልጠሃል፣ ምድጃውን ነክተሃል። ልጅቷም ከአንተው ቤት ናት። እኛ የልጅ ልጅ ማየት እንፈልጋለን። ጋብቻው ይቅር ተብሏል።»

«ምድጃው ውስጥ ያለው አምፖል ነው አንቱ። የቤት አምፖል።»

«አምፖልስ ቢሆን? ቀይ ነው።»

«ቀይ ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን ነው የምንልህ! አንተ ነህ የነካኸው። በሌላው ነገር እንዳይመስልህ ደግሞ። እኛ ሠልጥነናል።»

«በየትኛው ሌላ?»

«በሌላው ነዋ።»

«ንገሩኛ። ሌላው ምንድን ነው?»

«ምን አውቃለሁ እኔ? በሌላው አይደለም ነው ያልኩ።»

«አያቶቼን ጅብ አላችኋቸው» አልኩ። «እኔ ደግሞ ኑክሌር ሆንኩ። ቤተሰባችን እድገት ላይ ነው።»

ተነሥተው ወጡ። ልጄ ጓዳ ሆና ሰምታለች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «አባዬ፣ መተዋቸው አይደለም የሚያናድደኝ» አለች። «በአምፖል መተዋቸው ነው።»

እጮኛዋ በነጋታው መጣ። ጭንቅላቱን ይዞ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። አባቱ ካልመረቀ አይሆንም፤ አባቱ ደግሞ ጨረር ካለ አይመርቅም። እሷን መተውም አይችልም። እንደ መምህሩ አውሮፕላን ነው፤ መብረሩም አይቀርለት፣ መነሣቱም አይሆንለት።

መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «አውሮፕላንህ ልጄን አስቀረብኝ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ ዘራችን ብቻ አልነገርኩትም። ለሌላ አገር ሰው ከየት ይጀመራል? እሱም ነገሩ በእርግጥ ስለ ጨረር መሰለው።

«ይሄማ ቀላል ነው!» አለ። «መለኪያ መሣሪያ አለን። ሄደን ፊት ለፊታቸው እንለካዎታለን፤ ምንም እንደሌለ በጆሯቸው ይሰሙታል፤ አለቀ!»

እሑድ ዕለት እኔ፣ መምህሩና የልጄ እጮኛ በሚኒባስ ተነሣን። መምህሩ መንገዱን ሁሉ ስለ አማራጭ አወራ። ጨው ቢቀልጥ ምድጃው አይፈነዳም፤ ቶሪየም በምድር ላይ ሞልቷል፤ አቶም ማጋጠም ከተቻለ ደግሞ ፀሐይን እንደ መያዝ ነው። እኔ የማስበው ልጄን ነው። አጠገባችን የተቀመጠው ገበሬ ግን በደንብ አዳመጠውና ጠየቀው፦ «ይኼ ሁሉ ተሠርቶ ሲያልቅ መሳፈሪያው ይቀንሳል?» መምህሩ እርግጠኛ አልነበረም።

አባትየው በወጉ ተቀበሉን። አጎትየውም እዚያው ናቸው። ጠላ መጣ። ለመምህሩ በብርጭቆ፣ ለልጃቸው በብርጭቆ፣ ለእኔ በፕላስቲክ ጠርሙስ።

«ለመንገድም እንዲሆንህ ብዬ ነው» አሉኝ አባትየው።

መምህሩ ጠርሙሱን አደነቀ። «ንጽሕናው የተጠበቀ ነው፤ ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። ዘመኑ እውነትም ተሻሽሏል፤ ቅል መስበር ቀርቷል።

መሣሪያው ወጣ። በእጅ የምትያዝ ትንሽ ሣጥን ናት፤ ጨረር ስታገኝ ቲክ ትላለች። መምህሩ እኔን ለካኝ፤ ቲክ አለች፣ ቆየት ብላ ቲክ። አጎትየው ዘለሉ። «ይኸው! ይኸው ጮኸች!»

«የትም ቦታ ይሄን ያህል አለ» አለ መምህሩ። አባትየውን ለካቸው፤ ቲክ፣ ቆየት ብላ ቲክ። አጎትየውን ለካቸው፤ ያው ነው። «አያችሁ? አንድ ናችሁ። ሁላችሁም አንድ ናችሁ።»

ሰው አንድ ነው ተብሎ እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

ቀጥሎ ቤት ግቡ ተባልን። ወቅቱ የዘር መዳረሻ ስለሆነ ከመደቡ አጠገብ የማዳበሪያ ጆንያ ተደርድሯል። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ፤ መምህሩ መሣሪያውን ሳያጠፋ ተከተለኝ። ጆንያው ዘንድ ሲደርስ ሣጥኗ ቲክቲክቲክ ማለት ጀመረች።

መምህሩ በደስታ ጮኸ። «ፎስፌቱ ነው! ማዳበሪያው የሚሠራበት ድንጋይ ትንሽ ትንሽ ዩራኒየም አለው! አትፍሩ፣ አደጋ የለውም፣ በጣም ጥቂት ነው!»

አባትየው መደቡን አዩ። «እዚህ ላይ ነው የምተኛው!»

«ይተኙበት፣ ምንም አይልዎትም!»

«አልነበረበትም!» አሉ አጎትየው። ጣታቸው ወደ እኔ ተቀስሯል። «አልነበረበትም እላችኋለሁ! ይኼ ሰውዬ ገብቶ ሲያየው ነው የጮኸ! ዐይኑ ነው! ዐይኑን ነው የጣለበት!»

ሣጥኗ ብቻ ቲክቲክ ትላለች።

መምህሩ ግራ ገባው። «ዐይንማ ጨረር አያመነጭም» አለ።

ከጓዳ የልጁ እናት ወጡ። እስካሁን ድምፃቸውን አልሰማሁም ነበር። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«እሰይ፣ ወጣ» አሉ። «ጨረር ጨረር ስትሉ ሰነበታችሁ። በሉ፣ ቡዳ ነው በሉትና እንገላገል።»

«አንቺ ሴት!» አሉ አባትየው።

«ምን አንቺ ሴት? ውሸት ነው? ይኼን ምስኪን ልጅ እዚህ ድረስ ሣጥን አስይዛችሁ ከምታንከራትቱት እኔን ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።» ወደ እኔ ዞሩ። «እውነቱን ልንገርህ? እኔም ፈርቼ ነበር። ያደግሁበት ነው። ልጅህ ልጄን ትበላብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ልጄ ቀጭን ናት» አልኳቸው። «እስካሁን ማንንም አልበላችም።»

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ካልበላችማ ምኗ ቡዳ ነች!» አሉ። ከእጄ ጠርሙሱን ወሰዱና ጠላውን በብርጭቆ ገልብጠው ሰጡኝ። የልጄ እጮኛ ከመሬት ዐይኑን አንሥቶ አባቱን አየ። «አባቴ፣ ምክንያትህ ጨረር ከሆነ ጨረሩ እኛም ቤት አለ። ሌላ ከሆነ ደግሞ ሌላውን ተናገር» አለ። አባትየው በሬዎቹን ልይ ብለው ወጡ። እንዲሁ ተለያየን።

ክረምቱ በዝምታ አለፈ። መምህሩ በጥቅምት አዲስ ስዕል ይዞ ሱቄ መጣ። ምድጃውን አውሮፕላን ላይ መጫን ቀርቷል፤ እዚያው ምድር ላይ ይቀመጥና በእሱ ኃይል ከውኃ ሃይድሮጅን ይውጣ፤ አውሮፕላኑም ያን ይዞ ይብረር የሚል አማራጭ ነው።

«ይኸኛው እርሳስ አይፈልግም፤ ቀላል ነው» አለኝ።

«የሚያየው ሰውም አይፈልግ እንደሆነ ልሥራልህ» አልኩት። እሱ በቀልድ ቅር አይለውም። በዚያ ቤት ምን እንደተባለ ሌላ ሰው አስረድቶት ኖሯል፤ እጄን ይዞ «አላወቅሁም ነበር አባባ» አለኝ። ማወቅም አልነበረበትም።

እህል ገብቶ ሲያበቃ የልጁ እናት ብቻቸውን ደብረ ብርሃን መጡ። ባለቤቴ ያቀረበችውን በሉ፣ አስደገሙም። ከዚያ መልእክቱን አወጡት። አባትየው እሺ ብለዋል፤ ግን ልጅቷ ጠበል ትግባ። ለጨረሩ።

ተነሣሁ። «ልጄ ምን ሆና ነው የምትጠመቅ? ማዳበሪያው የማን ነው? እናንተ ተጠመቁ!»

«እኔም እንደዚሁ ብዬው ነበር» አሉ። «ግን ሽማግሌ ሰው ነው፤ አንድ መውረጃ ስጡት። ሰውየው ዛፍ ላይ ወጥቶ መሰላል አጥቷል።»

እኔ መሰላል አልሰጥም ብዬ ነበር። ልጄ ናት የመለሰችው። «ይሁን፣ እጠመቃለሁ» አለች። «በጥምቀት ዕለት ግን። ያን ቀን ሁሉም ሰው ይረጫል። እሳቸውም ከአባቴ ጎን ይቁሙ። ማን ስለ ማን እንደተረጨ እግዚአብሔር ይወቀው።»

እናትየው ጉንጯን ሳሟት። «ይቺስ ትበላናለች» አሉ።

እንዳለችው ሆነ። ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር አድረው፣ ጸሎቱ አልቆ ካህናቱ መርጨት ሲጀምሩ ሕዝቡ ተጋፋ። አባትየው ከእነዋሪ መጥተዋል፤ ነጭ ለብሰው ከጎኔ ቆመዋል። የደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ መቼም የታወቀ ነው፤ ውኃው በአንዴ ሁለታችንንም አጠበን። አገጫቸው ተንቀጠቀጠ። ልጄና ልጃቸው ከፊታችን ርሰው ይሳሳቃሉ።

አባትየው ወደ እኔ አላዩም። ውኃውን ከፊታቸው ጠረጉ። «በቃ እንግዲህ» አሉ።

«በቃ» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው ሁለቱንም ልጆች አንድ ላይ መረቁ። ሠርጉ በወሩ መጨረሻ ሆነ፤ እነ አጎትየውም በልተው ጠጥተው ሄዱ። ነገሩ ያለቀው ግን ያን ዕለት ነው፤ ጥር አሥራ አንድ ቀን።